የቦንሆፈር ጉዞዎችና እምነቱ፦ ስለ ባርሴሎና፣ ስለ ሐርለምና ስለ ሕንድ የቀረበ ምላሽ

ጀርመናዊው የሥነ መለኮት ምሁርና ጸሐፊ ዲትሪክ ቦንሆፈር ወደ ውጭ አገር ያደረጋቸው ጉዞዎች እምነቱን እንዴት እንደለወጡት የሚተርክ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ እየተዘዋወረ ነው። ጽሑፉ ቋንቋው ያማረ፣ አሳቡም ቅን ነው፤ በናዚዎች እጅ ኤፕሪል 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ በስቅላት ስለተገደለው ስለዚህ ሰው በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑም አቅራቢው ሊመሰገኑ ይገባል። (በዚህ ምላሽ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቦንሆፈር ከአገሩ ሲወጣ እምነት የሌለው የመጽሐፍ ሰው ነበር፤ የረገጠው አገር ሁሉ ደረጃ በደረጃ ልቡን አሰፋው፤ በ1930 እና በ1931 ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን በመሠረቷት በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እውነተኛውን ክርስትና አገኘ፤ የሰላም ሰውና የሂትለር ተቃዋሚ የሆነውም በዚያው ነው፤ ቀጥሎ ሕንድ ወርዶ ከጋንዲ ዘንድ ሰላማዊ ትግልን ተማረ፤ በ1939 ግን የአገር ፍቅር አሸንፎት ከአሜሪካ ተመለሰና ለሞት ተዳረገ።

በበኩሌ ጉዞዎቹ በእምነቱ ላይ ትልቅ አሻራ ማሳረፋቸውን አልክድም። እሱ ራሱ በኤፕሪል 1944 ከቴገል እስር ቤት ለወዳጁ ለኤበርሃርድ ቤትገ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕይወቱ ብዙም እንዳልተለወጠ፣ ተለውጦ ከሆነም የአባቱ ስብዕና መጀመሪያ ልብ ባለው ጊዜና በውጭ አገር የመጀመሪያዎቹን ነገሮች ባየ ጊዜ እንደሆነ፣ ያኔም ከባዶ ቃላት ወደ እውነታ እንደተሻገረ ገልጿል። አቅራቢው ይህን ደብዳቤ መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። የማልስማማው ድንበር መሻገሩ በራሱ ሰውየውን እንደቀየረው አድርገው በማቅረባቸው ነው። ቦንሆፈር የሄደባቸው አገሮች አንድ ዓይነት ፍሬ አላፈሩበትም፤ ልዩነቱን የፈጠረውም በየአገሩ ከማን ጋር እንደዋለ ነው። ነጥቦቹን በተነሱበት ቅደም ተከተል ልመልከት።

አቅራቢው ቦንሆፈርን እምነት የሌለው ምሁር ያሉት ከቤተሰቡ ሁኔታ ተነሥተው ይመስለኛል። አባቱ ካርል ቦንሆፈር በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ከሃይማኖት ጉዳይ ርቀታቸውን የጠበቁ ሰው ሲሆኑ፣ ቤተሰቡም እሑድ በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አልነበረም። እናቱ ፓውላ ግን የቤተ መንግሥት ሰባኪ የነበሩ ቄስ ልጅ ናቸው፤ ልጆቻቸውን መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር በቤት ውስጥ ያስተማሩትም እሳቸው ነበሩ። ዲትሪክ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሥነ መለኮት እንደሚያጠና ባስታወቀ ጊዜ ታላላቅ ወንድሞቹ ቤተ ክርስቲያን የደከመች ተቋም መሆኗን እየነገሩ አሳቡን ሊያስቀይሩት ሞከሩ፤ እሱም እንዲያ ከሆነች እኔ አድሳታለሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ይህ የልጅ ትምክህት ሊባል ይችላል፤ እምነት የለሽነት ግን አይደለም።

ለአቅራቢው አባባል ድጋፍ ሊሆን ይችል የነበረ አንድ ማስረጃ አለ፤ እሳቸው ግን አልጠቀሱትም። ቦንሆፈር በጃንዋሪ 1936 ለቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ለኤልሳቤጥ ጺን በጻፈው ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜ ሰብኮ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንም ብዙ አይቶና ጽፎ ሳለ ገና ክርስቲያን እንዳልነበረ ይናዘዛል። ሆኖም ደብዳቤውን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው፣ ቦንሆፈር ራሱን የሚከስበት ኃጢአት አለማመን እንዳልሆነ ይረዳል። ራሱን የሚከሰው በታላቅነት ምኞት፣ የክርስቶስንም ጉዳይ የራሱ ክብር ማግኛ በማድረግ ነው፤ ከዚያ ያወጣኝ የሚለውም መጽሐፍ ቅዱስን፣ በተለይም የተራራውን ስብከት ነው። እንግዲህ ለውጡ ከአለማመን ወደ ማመን የተደረገ ሳይሆን፣ ያምንበት የነበረውን ነገር በሕይወቱ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው የመፍቀድ ለውጥ ነበር።

በዚሁ ነጥብ ሥር አቅራቢው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የሮም ጉዞ የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር። በ1924 የጸደይ ወራት የአሥራ ስምንት ዓመቱ ቦንሆፈር ከወንድሙ ከክላውስ ጋር ወደ ጣሊያን ወረደ፤ ከዚያም በሲሲሊ በኩል ባሕር ተሻግሮ እስከ ትሪፖሊ ዘልቋል። የሮም ቆይታው ከሰሙነ ሕማማት ጋር ገጠመ። በሆሳዕና ዕለት በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ሲገኝ ከልዩ ልዩ ዘር የተውጣጡ፣ ጥቁሩም ነጩም ቢጫውም፣ በልብሰ ተክህኖ በአንድነት ቆመው አየ። በዚያው ዕለት በትሪኒታ ዴይ ሞንቲ ደናግል የሠርኩን ጸሎት ሲያዜሙ ሰማ፤ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ደግሞ ሕዝቡ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ለኑዛዜ ተራ ሲጠብቅ ተመለከተ። በሰሙነ ሕማማት ከወላጆቹ ጋር እየሰገደ ላደገ አንባቢ ይህ ሁሉ ብርቅ ላይሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያንን ከሁሉ በፊት እንደ ትምህርትና እንደ መንግሥት ተቋም ለሚያውቅ የበርሊን ሉተራዊ ወጣት ግን ሕዝብን ሁሉ ያቀፈ፣ የሚታይና የሚዳሰስ ማኅበር ማየት አዲስ ነገር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሆነች መረዳት መጀመሩንም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስፍሯል። ካቶሊክ አልሆነም፣ ሊሆንም አላሰበም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ ላቀረበው የዶክትሬት ጥናት የመረጠው ርእስ የቅዱሳን ኅብረት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዞ በእምነቱ ላይ አሻራ ማሳረፍ የጀመረው ከሐርለም ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የጽሑፉ ዋነኛ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የረገጠው አገር ሁሉ ልቡን አሰፋው ብለው ሲጽፉ አቅራቢው ስፔንን እንደ አንድ ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ቦንሆፈር በባርሴሎና ድሆችን አይቶ ልቡ እንደተሰበረ ይተርካሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ከፌብሩዋሪ 1928 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በዚያች ከተማ በሚገኝ የጀርመናውያን ምእመናን ማኅበር በረዳት ቄስነት አገልግሏል፤ የሕፃናት ጉባኤም አቋቁሟል። በማኅበሩ የእርዳታ ሥራ በኩልም በበርሊን አይቷቸው የማያውቃቸው ዓይነት ሰዎች በሩን አንኳኩተዋል፦ ሥራ ያጡ፣ ከሕግ የሸሹ፣ ከፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር የወጡ፣ ከሰርከስ የኮበለሉ አንበሳ አሠልጣኞች ሳይቀሩ። ለአንድ ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ እነዚህ ሰዎች፣ ክርስቲያን ነን ከሚሉት ይልቅ፣ ከጸጋ በታች እንደሆኑ እንደሚሰማው ገልጿል። እስከዚህ ድረስ ከአቅራቢው ጋር አንድ ነን።

የተዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በፌብሩዋሪ 1929፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ ቦንሆፈር በዚያው ማኅበር ፊት ስለ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር አንድ ንግግር አደረገ። በንግግሩ የተራራው ስብከት ቃል በቃል የሚጠበቅ ሕግ ሊሆን እንደማይችል፣ እግዚአብሔር የሰጠው ወገኑ በጦርነት ላይ ባለ ጊዜ ለሕዝቡ ያለው ፍቅር መግደልንም ጦርነትንም እንደሚቀድሰው፣ ሕዝቦችም ለማደግ የሚያደርጉት ግፊያ ከእግዚአብሔር ጥሪ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስተማረ። ይህን የተናገረው አገሩ ያሳደገችው ጨቅላ ሳይሆን፣ ሮምን፣ ትሪፖሊንና ማድሪድን አይቶ፣ አንድ ሙሉ ዓመት በውጭ አገር ኖሮ፣ ድሆችን በሩ ላይ አስተናግዶ የጨረሰ ሰው ነው። አቅራቢው እንደሚሉት የውጭ አገር ኑሮ በራሱ ልብ የሚያሰፋ ቢሆን ኖሮ ከባርሴሎና እንዲህ ዓይነት ንግግር ባልወጣ ነበር።

ምክንያቱን ማግኘት አያስቸግርም። ቦንሆፈር በባርሴሎና የኖረው በስፔናውያን መካከል አልነበረም፤ በጀርመናውያን ነጋዴዎች መካከል፣ በጀርመናውያን ክበብ፣ በጀርመንኛ መዝሙርና በቴኒስ ሜዳ ዙሪያ ነበር። ስፔንኛ ተምሯል፣ የኮርማ ፍልሚያም ገብቶ ተመልክቷል፤ ስለ ጀርመን ዕጣ ፈንታ ግን አብረውት የሚበሉትና የሚጠጡት ሰዎች እሱ ከሚያስበው የተለየ ነገር አይነግሩትም ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከወገኑ ውጭ ሌላ ሰው ቤት ቡና ሳይጠጣ በስደት የኖረ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አቅራቢው ይህን ንግግር ቢጠቅሱ ኖሮ የኒው ዮርኩ ለውጥ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር የበለጠ ይጎላላቸው ነበር፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይታይ ነበርና።

ሦስተኛው ነጥብ የብዙ አንባቢን ልብ የነካው ነው። አቅራቢው በሐርለም የምትገኘውን አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን «የእኛ» ይሏታል፤ ቦንሆፈርንም የአባቶቻችን እምነት እንደደረሰው አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ስሜት ይገባኛል፤ ታሪኩ ግን አይፈቅድም። ቤተ ክርስቲያኗ በ1808 በኒው ዮርክ የተመሠረተችው በነጮች በሚመራው የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጋቸውን በመቃወም ወጥተው በሄዱ ምእመናን ነው። ከእነዚህ ምእመናን መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ባሕርተኛ ነጋዴዎች እንደነበሩና ስሟም ከእነሱ እንደመጣ የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ትውፊት ይናገራል፤ ይህ ትውፊት ለእነሱም ለእኛም የሚያኮራ ነው። በሥርዓቷ ግን ባፕቲስት ናት፤ ታቦት የላት፣ ቅዳሴ የላት፣ ከግእዝ አንዲት ዜማ አልወረሰችም። ቦንሆፈር በገባባት ጊዜ በ138ኛው ጎዳና ላይ በ1923 በተመረቀው ትልቅ ሕንፃዋ ውስጥ የሚሰበሰቡት ምእመናን በአብዛኛው ከደቡብ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ተሰደው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን፣ የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ከ1908 ጀምሮ ይመሯት የነበሩት ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል (አባትየው) በቨርጂኒያ የተወለዱ ሰው ናቸው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያላት እውነተኛ ግንኙነት የሌለ አይደለም፤ ግን በአብዛኛው ከቦንሆፈር በኋላ የመጣ ነው። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ በአገራችን ላይ ስትዘምት የሐርለም ሕዝብ ለኢትዮጵያ የተሰበሰበው በዚያችም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ የኢትዮጵያ መስቀል አበርክተውላታል። ቦንሆፈር ግን በ1931 ወጥቶ ሄዷል። በዚያ ያገኘው እምነት የጥቁር አሜሪካውያን እምነት ነው፤ በጅራፍና በእርሻ ላይ ተፈትኖ የወጣ፣ ሌላ ማንም ሊሰጠው የማይችል እምነት። ስሙ ስለመሰለን ብቻ ክብሩን ከባለቤቶቹ ላይ ወስደን ለራሳችን ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

እንግዲህ በኒው ዮርክ ምን ሆነ? አቅራቢው ከተማዋን በሙሉ የእምነት ትምህርት ቤት አድርገው አቅርበዋታል። ቦንሆፈር ግን በሴፕቴምበር 1930 በሃያ አራት ዓመቱ ወደ ዩኒየን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሲመጣ የጠበቀውን አላገኘም። ተማሪዎቹ በኃጢአትና በጸጋ ትምህርት ላይ ሲስቁ ደንግጧል፤ ወደ አገሩ በላከው ዘገባም በኒው ዮርክ ስለ ሁሉም ነገር እንደሚሰበክ፣ የማይሰበከው ግን የኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል፣ መስቀሉ፣ ኃጢአትና ይቅርታ፣ ሞትና ሕይወት እንደሆነ በምሬት ጽፏል። ከዚህ ወቀሳ ያወጣው የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የወሰደው ደግሞ በአቅራቢው ጽሑፍ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜም ያልተነሳ ሰው ነው፦ አልበርት ፍራንክሊን ፊሸር፣ ከአላባማ የመጣ ጥቁር የሥነ መለኮት ተማሪ። ፊሸር በአቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያን ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን የተግባር አገልግሎት ይፈጽም ነበር፤ ቦንሆፈርንም ይዞት ሄደ። ቦንሆፈር አይቶ የሚመለስ ጎብኚ አልሆነም። ለወራት በሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆችን አስተማረ፣ በየቤቱ ተጋበዘ፣ የጥቁር ደራስያንን መጻሕፍት ገዝቶ አነበበ፤ ከፊሸር ጋር ወደ ዋሽንግተን ሄዶም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ጎበኘ። አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ገብተው አስተናጋጁ ፊሸርን አላስተናግድም ባለ ጊዜ፣ ቦንሆፈር የሁሉም ዓይን እያየው ተነሥቶ ወጥቷል። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት ስለነበር የፓወል ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላጡት ነጻ የምግብ አዳራሽ ከፍታ ነበር፤ በመድረኩ ላይ የሚሰበከውና በምድር ቤቱ የሚታደለው አንድ ወንጌል መሆኑን ቦንሆፈር ያየው በዚህ ሁኔታ ነው። ስብከቱም በበርሊን እንደለመደው ሕዝቡ ዝም ብሎ የሚያደምጠው ንግግር አልነበረም፤ ምእመናኑ በእንባም በእልልታም ይመልሱ ነበር። ሲመለስ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙሮች የያዙ ሸክላዎች ገዝቶ ይዞ ሄደ፤ ከዓመታት በኋላም በፊንከንቫልደ በሚመራው የቄሶች ማሠልጠኛ ለተማሪዎቹ ያሰማቸው ነበር። ሂትለር በነገሠበት አገር፣ ስለ ዘር ንጽሕና በየትምህርት ቤቱ በሚሰበክበት ጊዜ፣ ወጣት ጀርመናውያን ቄሶች በግራማፎን ዙሪያ ተቀምጠው የባሮችን ዝማሬ ያደምጡ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አራተኛውን ነጥብ፣ ማለትም ሐርለም ብቻውን የሰላም ሰውና የሂትለር ተቃዋሚ አደረገው የሚለውን፣ መቀበል አልችልም። የጦርነትን ጥያቄ በቦንሆፈር ልብ ውስጥ የተከለው ሐርለም ሳይሆን ዣን ላሴር የተባለ ፈረንሳዊ ቄስና የትምህርት ጓደኛው ነው። ልብ ይሏል፦ የቦንሆፈር ታላቅ ወንድም ቫልተር በ1918 የሞተው በፈረንሳይ ግንባር በደረሰበት ቁስል ነው፤ ለዚያ ትውልድ ጀርመናዊ ፈረንሳይ ማለት ጠላት ማለት ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በጀርመን ወታደሮች ዓይን የተሠራ አንድ ፊልም አብረው ሊያዩ ገቡ። በፊልሙ ፈረንሳውያን ሲገደሉ በአዳራሹ ያሉ አሜሪካውያን ሲስቁና ሲያጨበጭቡ፣ ጀርመናዊውና ፈረንሳዊው በኀዘን ተውጠው ተቀመጡ፤ ከፊልሙ ሲወጡም ላሴርን ያጽናና የነበረው ቦንሆፈር ነው። ላሴር የተራራውን ስብከት ክርስቲያን በእውነት ሊፈጽመው የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደው ነበር፤ ቦንሆፈር ደግሞ በባርሴሎና ተቃራኒውን አስተምሮ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ1931 የበጋ ወራት ሁለቱ በአሮጌ መኪና እስከ ሜክሲኮ ድረስ ተጉዘው በቪክቶሪያ ከተማ ስለ ሰላም በአንድ መድረክ ተናገሩ። በኦገስት 1934 በዴንማርኳ ፋኖ ደሴት በዓለም አቀፍ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፊት ቆሞ ሰላም በመሣሪያና በዋስትና መንገድ እንደማይገኝ፣ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለሆነ ሊደፈር እንደሚገባው የሰበከው ቦንሆፈር የተወለደው ከዚህ ጓደኝነት ነው።

ስለ ሂትለር ተቃውሞም እንዲሁ ነው። በሐርለም ያየው የዘር መድልዎ ዓይኑን እንደገለጠለት ማሰብ ተገቢ ነው፤ ሆኖም መንትያ እኅቱ ዛቢነ ያገባችው ከአይሁድ ወገን የተወለደውን የሕግ ምሁር ጌርሃርድ ላይብሆልዝን ነበር፤ የቅርብ ጓደኛው ፍራንዝ ሂልደብራንትም እናቱ ከአይሁድ ወገን ናት። ነገሩ በቤቱ ውስጥ ነበር። ደግሞም ሐርለም እንደ አቅራቢው አነጋገር ፍርሃትን ከውስጡ ነቅሎ አልጣለለትም። በኤፕሪል 1933 በአንድ በኩል ስለ አይሁድ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያንን ግዴታ የሚያነሣ ደፋር ጽሑፍ ሲያዘጋጅ፣ በሌላ በኩል የላይብሆልዝ አባት ሞተው ሥርዓተ ቀብራቸውን እንዲመራ ሲጠየቅ፣ ሟቹ ያልተጠመቁ አይሁዳዊ ስለነበሩ ከበላይ አለቃው ምክር ጠይቆ፣ ተው ሲባል ተወ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለእኅቱ ባል በጻፈው ደብዳቤ ያን ጊዜ እንዴት ያን ያህል እንደፈራ ለራሱም እንደማይገባው ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል። ይህ የሆነው ከሐርለም በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቦንሆፈርን የምናከብረው ከሆነ ይህንም ሳንሸሽግ መሆን አለበት።

የሕንዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ቦንሆፈር ሕንድን ረግጦ አያውቅም። የመሄድ አሳብ በተደጋጋሚ ነበረው። በለንደን ሁለት የጀርመናውያን ማኅበራትን በሚያገለግልበት ጊዜ ጋንዲን በደብዳቤ ጠይቆ፣ እሳቸውም በኖቬምበር 1 ቀን 1934 በጻፉት መልስ ከእሳቸው ዘንድ መጥቶ ሊኖር እንደሚችል ፈቅደውለታል። ሆኖም በጀርመን የናዚን ጣልቃ ገብነት የምትቃወመው መስካሪ ቤተ ክርስቲያን ቄሶችን እንዲያሠለጥንላት ስለጠራችው ጉዞው ቀረ። በጋንዲ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ የሚለው ምዕራፍ መሠረት የለውም።

በምትኩ የሄደበት ስፍራ ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። በ1935 መጀመሪያ፣ ማሠልጠኛውን ከመረከቡ በፊት፣ በእንግሊዝ አገር ሚርፊልድን የመሰሉ የአንግሊካን ገዳማት እየዞረ ጎበኘ፤ ከመነኮሳቱ ጋር በሰዓታት ጸሎት ተካፈለ። በፊንከንቫልደ ያቋቋመው ኑሮ የዚህን ጉብኝት መልክ ይዞ ወጣ፦ ጠዋትና ማታ በመዝሙረ ዳዊት የጋራ ጸሎት፣ በየዕለቱ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላይ በጸጥታ ማሰላሰል፣ ወንድም ለወንድም የሚያደርገው ኑዛዜ። ሉተራውያን ባልደረቦቹ ወደ ካቶሊክነት እያዘነበለ ነው ብለው አጉረመረሙ። በ1924 በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ተራ ሲጠብቁ ያያቸው ተነሳሕያን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በአንድ የጀርመን ሉተራዊ ማሠልጠኛ ውስጥ ፍሬ አፈሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የናዚዎች ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ማሠልጠኛውን በ1937 ዘጋው።

የመጨረሻው ነጥብ የ1939ኙ መመለስ ነው። አቅራቢው የአገር ፍቅር አሸነፈው ይላሉ፤ አነጋገሩ የናፍቆት ዘፈን ያስመስለዋል። ቦንሆፈር በጁን 12 ቀን ኒው ዮርክ የደረሰው ለውትድርና ጥሪ ሊደርሰው ስለነበር ነው፤ በሂትለር ጦር ውስጥ ማገልገል ሕሊናው አልፈቀደለትም፣ በግልጽ እምቢ ቢል ደግሞ መዘዙ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ይወድቃል። ወዳጆቹ በአሜሪካ ሥራና መኖሪያ አዘጋጅተውለት ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ግን ዕረፍት አጣ። እሑድ ሪቨርሳይድ በሚባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የሰማው ስብከት ባዶ ሆነበት፤ በጁን 20 የተሰጠውን ሥራ እንደማይቀበል አስታወቀ። በጁን 26 ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከክረምት በፊት እንዲመጣ ያሳሰበበትን ቃል በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ አራት ላይ ሲያነብ፣ ቃሉ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም፤ ይህን ቃል ለራሱ የተላከ አድርጎ ቢወስደው መጽሐፉን አላግባብ መጠቀም እንደማይሆን በማስታወሻው ጽፏል።

የመመለሱን ምክንያት ለአሜሪካዊው የሥነ መለኮት ምሁር ለራይንሆልድ ኒቡር በጻፈው ደብዳቤ በማያሻማ ሁኔታ አስቀምጦታል። በዚህ የመከራ ጊዜ ከጀርመን ክርስቲያኖች ጋር ካልተካፈለ፣ ከጦርነቱ በኋላ በአገሪቱ የክርስትናን ሕይወት መልሶ በመገንባት ሥራ የመሳተፍ መብት አይኖረውም። ቀጥሎም የጀርመን ክርስቲያኖች ሁለት አስፈሪ ምርጫ እንደተደቀነባቸው ይገልጻል፦ ወይ የክርስትና ሥልጣኔ እንዲተርፍ የአገራቸውን ሽንፈት መመኘት፣ ወይ የአገራቸውን ድል ፈልገው ሥልጣኔውን ማጥፋት። የትኛውን መምረጥ እንዳለበት እንደሚያውቅ፣ ነገር ግን በሰው አገር በደኅና ተቀምጦ ሊመርጥ እንደማይችል ይጽፋል። የአገሩን መሸነፍ ለመመኘት ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የአገር ፍቅር አሸነፈው ማለት፣ በባርሴሎና ለወገን ሲሉ መግደልን ሲቀድስ የነበረውን ወጣት ከዚህ ሰው ጋር አንድ ማድረግ ነው።

አቅራቢው የጉዞ ታሪኩን በ1939 ዘግተውታል፤ ጉዞው ግን አላበቃም። ቦንሆፈር በጀርመን ወታደራዊ ስለላ ድርጅት ሽፋን ለሂትለር ተቃዋሚዎች እየሠራ በ1941 እና በ1942 ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ስዊድን ተመላልሷል፤ በ1942 በስዊድኗ ሲግቱና ከተማ ከለንደን ዘመኑ ወዳጁ ከቺችስተሩ ጳጳስ ከጆርጅ ቤል ጋር ተገናኝቶ የሴረኞቹን ስሞች ለእንግሊዝ መንግሥት እንዲያደርሱ ነግሯቸዋል። በኤፕሪል 5 ቀን 1943 ሲያዝ የነበረበት ጥርጣሬም አይሁዳውያንን በስለላ ድርጅቱ ስም ወደ ስዊዘርላንድ ከማሻገሩ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። አቅራቢው በመግቢያቸው ጽሑፋቸውን አስፍተው እንደሚያወጡት ቃል ስለገቡ፣ በዚያን ጊዜ እነዚህ የመጨረሻ ጉዞዎች እንዲካተቱ፣ የባርሴሎናው ንግግር ሳይሸራረፍ እንዲገባ፣ የሕንዱ ምዕራፍ እንዲወጣ፣ ስለ ሐርለም በሚጻፈውም ውስጥ የፊሸርና የላሴር ስም በየቦታው እንዲሰፍር እጠይቃቸዋለሁ።